ለቤት የሚሆን ሁለተኛ የእጅ ባትሪ እንዴት ይመረጥ?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን የሚኖሩት ባህር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ ነው። ቤታቸው ውስጥ ከጀርባው ሁለት የብረት እግር ወጥቶ በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ የሚሰካ አንድ ትልቅ የእጅ ባትሪ አለ። ቤተሰቡ አምስት ነው፤ እርሳቸው፣ ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆችና ዕድሜያቸው ሰባ ያለፈ እናታቸው። መጸዳጃ ቤቱ ከዋናው ቤት ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ በግቢው ጥግ ይገኛል። በቅርቡ መብራት በጠፋበት ሌሊት ባትሪው እንቢ ስላላቸው ሁለተኛ ሊገዙ ገበያ ወጡ፤ ሻጩም «ግማሽ ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ያለውን ከመጀመሪያው የሚበልጥ ባለ ሶኬት ባትሪ እንዲወስዱ መከራቸው። «ልግዛው ወይስ ሌላ ልፈልግ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ያንን ባትሪ አይግዙት። ዕቃው መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ደህና ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሁለተኛ ባትሪ የሚፈለገው የመጀመሪያው እንቢ ባለ ጊዜ ነውና፣ ሁለቱ በአንድ ምክንያት በአንድ ሌሊት አብረው እንቢ የሚሉ ከሆነ ቤትዎ ያለው ሁለት ባትሪ ሳይሆን አንድ ባትሪ በሁለት ዋጋ ነው። ሁለቱም ከግድግዳው ሶኬት ብቻ የሚሞሉ ከሆኑ፣ መብራት ሁለት ቀን ተከታትሎ ሲጠፋ ሁለቱም አብረው ያልቃሉ። እኔ የምመክርዎ ኃይል የሚያገኝበት መንገድ ከመጀመሪያው የተለየ፣ የሚሠራውም ሥራ የተለየ፣ አነስ ያለና ዝቅ አድርጎ ማብራት የሚችል ባትሪ ነው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ የቃል ጉዳይ ላጥራ። በእኛ አነጋገር «ባትሪ» የሚለው ቃል በእጅ የሚያዘውን መብራትም በውስጡ የሚገባውን የኃይል ማከማቻም ይጠራል፤ ሱቅ ሄደው «ባትሪ ስጠኝ» ቢሉ ባለሱቁ የትኛውን እንደሆነ መልሶ ይጠይቅዎታል። በዚህ ምላሽ የእጅ መብራቱን ባትሪ፣ በውስጡ የሚገባውን ደግሞ ትልልቆቹ እንደሚሉት ድንጋይ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ቻርጅ የሚደረገውም ቢሆን ለእኔ ድንጋይ ነው።

አሁን ያለዎት ባትሪ ለምን እንቢ እንዳለ ሳይታወቅ ሁለተኛውን በትክክል መምረጥ አይቻልም። እንዲህ ያለው ባለ ሶኬት ባትሪ በውስጡ አብዛኛውን ጊዜ 4 ቮልት የሆነ የታሸገ የሊድ አሲድ ድንጋይ አለው፤ የመኪና ባትሪ የቅርብ ዘመድ ማለት ነው። ይህ ድንጋይ ሁለት ነገር አይችልም። ባዶውን መቀመጥ አይችልም፤ ኃይሉ አልቆ ለሳምንታት ከተረሳ በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሳህኖች ላይ ጠጣር የሰልፌት ቅርፊት ይጋገርና ከዚያ ወዲያ የቱንም ያህል ቢሰካ ኃይል አይዝም። ሞልቶ ሳለም ቀንና ሌሊት ተሰክቶ መክረም አይችልም፤ የርካሽ ባትሪዎች ቻርጀር ድንጋዩ ሲሞላ ራሱን የሚያቋርጥበት ዘዴ ስለሌለው በውስጡ ያለው እርጥበት ቀስ በቀስ ይደርቃል። አብዛኛው ቤት ከሁለቱ አንዱን ያደርጋል፤ ወይ መሳቢያ ውስጥ ይረሳዋል፣ ወይ «ሙሉ ይሁን» ብሎ ሶኬት ላይ ይተወዋል።

ወደ ጥገና ቤቴ ከሚመጡት ባለ ሶኬት ባትሪዎች ውስጥ አምፖሉ ተቃጥሎ የሚመጣው ጥቂቱ ነው። በቅርቡ አንዲት እናት ያመጡትን ስከፍተው ኤልኢዲዎቹ አንድም ሳይጎድል ደህና ነበሩ፤ ድንጋዩ ግን ጎኑ እንደ ዳቦ ተነፍቶ የፕላስቲኩን ቤት ሰንጥቆታል፤ በቴስተር ስለካውም ከ4 ቮልት የቀረው 0.9 ብቻ ነበር። «ሁልጊዜ ሶኬት ላይ ነው የሚውለው፤ እንዴት ይሞታል?» አሉኝ። የሞተው ለዚሁ ነበር። ድንጋዩን ቀይሬ፣ በወር አንድ ቀን ብቻ ለጥቂት ሰዓታት እንዲሰኩት ነግሬ ሰጠኋቸው። የእርስዎም ባትሪ ሳይጣል እንዲህ ሊድን ይችላልና ለጥገና ባለሙያ ያሳዩት። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ የእነዚህ ባትሪዎች ቻርጀር ብዙውን ጊዜ ትራንስፎርመር የለውም፤ የ220 ቮልቱ መስመር በአንድ ካፓሲተርና በጥቂት ዳዮዶች በኩል ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ስለሆነም ሽፋኑ ተሰንጥቆ ሳለ ሶኬት ላይ የተሰካ ባትሪ መንካት የግድግዳውን ሽቦ በባዶ እጅ ከመንካት አይለይም። ልጆች ባሉበት ቤት የተሰነጠቀ ባለ ሶኬት ባትሪ ጨርሶ አይሰካ።

ሻጩ ስለ ግማሽ ኪሎ ሜትር የነገረዎትም ማብራሪያ ይፈልጋል። አምራቾች የባትሪን ብርሃን የሚለኩበት፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ኤፍ ኤል 1 የሚባል መመዘኛ አለ። በዚህ መመዘኛ የብርሃን ርቀት የሚባለው ጨረሩ ደክሞ 0.25 ሉክስ እስኪደርስ የሚሄደው ርቀት ነው፤ ይህም በጠራ ሰማይ ላይ ሙሉ ጨረቃ ከምትሰጠው ብርሃን ጋር የሚቀራረብ ነው። እንግዲህ «500 ሜትር» የሚለው ጽሑፍ እውነት ቢሆን እንኳ፣ በ500 ሜትር ላይ ያለውን ነገር በጨረቃ ብርሃን ያህል ያሳያል ማለት ነው እንጂ ሰው ለይቶ ያሳያል ማለት አይደለም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ፣ ጨረር ሩቅ የሚሄደው ጠብቦ ስለተሰበሰበ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለውን ባትሪ መኝታ ክፍል ውስጥ ሲያበሩት ግድግዳው ላይ ዓይን የሚያጠፋ አንዲት ነጭ ክብ ይሠራል፤ በእግርዎ ሥር ያለው በርጩማ ግን በጨለማው እንዳለ ይቀራል።

ረጅም ጨረር ለማንም አይጠቅምም ማለቴ ግን አይደለም። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ከውሃ በሚወጣበት የዓባይ ዳርቻ ለሚኖር ሰው፣ ከበሩ ሳይርቅ አሻግሮ ለማየት ይጠቅመዋል፤ ካየም በሩን ዘግቶ መመለስ ነው እንጂ እያበራ መጠጋት የለበትም። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ግን ትልቁ ባትሪዎ ድንጋዩ ከተቀየረለት ይበቃል።

አሁን በጨለማ ቤት ውስጥ በእርግጥ ምን እንደሚደረግ እናስብ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እናትዎ ከአጎበሩ ሥር ይነሳሉ፤ ጫማቸውን ይፈልጋሉ፤ በሩን ይከፍታሉ፤ ሃያ እርምጃ ሄደው ይመለሳሉ። ምሽት ላይ መብራት ቢጠፋ ባለቤትዎ ድስቱን ከምድጃ ያወርዳሉ፤ ልጆቹ ደብተራቸውን ይሰበስባሉ፤ እርስዎ ደግሞ ቆጣሪው ዘንድ ሄደው የጠፋው የእርስዎ ቤት ብቻ ይሁን የሰፈሩ ያያሉ። ከእነዚህ ሁሉ ሥራዎች ውስጥ ከሃያ ሜትር በላይ ርቆ ማየት የሚጠይቅ አንድም የለም።

የብርሃን መጠን የሚነገረው በሉመን ነው። ለመለኪያ ያህል፣ አንድ ሻማ በዙሪያው ሁሉ የሚያፈሰው ብርሃን ተደምሮ 12 ሉመን ገደማ ሲሆን፣ የስልክ መብራት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ሉመን ይሰጣል። ይህ የሻማው ብርሃን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ቢመለስ፣ በእግር ሥር ላለ መንገድ ከበቂ በላይ ነው። በእኔ ግምት ከአልጋ ወደ መጸዳጃ ለመሄድ ከ5 እስከ 15 ሉመን፣ ለግቢውና ለማዕድ ቤቱ ከ100 እስከ 150 ሉመን ይበቃል። ከዚህ በላይ ያለው አልፎ አልፎ እንጂ በየቀኑ አይፈለግም። ሳጥኑ ላይ 50,000 ሉመን የሚል ቁጥር የታተመበት ባትሪ ከኪስ የማይበልጥ ሆኖ ካዩ፣ ቁጥሩን የጻፈው ሰው ሳይለካ እንደጻፈው እርግጠኛ ይሁኑ፤ ያን ያህል ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ የሚያወጣውን ሙቀት ያ ሰውነት ሊያስወጣ ቀርቶ በእጅም አያስይዝም።

ስለ ዝቅተኛው ደረጃ አጥብቄ የምናገረው ስለ ድንጋይ ቁጠባ ብቻ አይደለም። ዓይናችን ጨለማን በሚገባ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ የለመደውን ግን አንድ ብርቱ ብርሃን በቅጽበት ያጠፋዋል። ሰው ከእንቅልፉ ተነስቶ 500 ሉመን ፊቱ ላይ ቢያበራ፣ ባትሪውን ሲያጠፋ ከመጀመሪያው የባሰ ጨለማ ይጋርደዋል። በዕድሜ ለገፉ ሰዎች ይህ ይበረታል፤ የዓይን ብሌን እየጠበበ ሌንሱም እየደበዘዘ ስለሚሄድ ከወጣት የበለጠ ብርሃን ይሻሉ፣ ያው ብርሃን ዓይናቸው ውስጥ በቀጥታ ከገባ ደግሞ ለመመለስ ከወጣት ይልቅ ይዘገያሉ። ለእናትዎ የሚበጀው ለስለስ ብሎ ሰፋ የሚል፣ ወደ መሬት የሚያበሩት ብርሃን ነው እንጂ ፊት ለፊት የሚወረወር ጨረር አይደለም።

አጎበር ዘርግቶ የሚተኛ ሰው ደግሞ ሳያስበው ሌላ ነገር ያጋጥመዋል። ከአጎበር ውስጥ ሆነው ብርቱ ባትሪ ወደ ውጭ ቢያበሩ የሚያዩት ነጩን መረብ ብቻ ነው፤ ብርሃኑ ክሩ ላይ ተበትኖ ወደ ዓይንዎ ይመለሳልና ከመረቡ ባሻገር ያለው ክፍል ይሰወራል። መፍትሔው የባትሪውን አፍ መረቡ ላይ ለጥፎ ዝቅተኛውን ደረጃ ማብራት ነው፤ ይህን በቤትዎ ዛሬ ማታ በስልክዎ መብራት ሊሞክሩት ይችላሉ።

የብርሃኑ ቀለምም ቀላል ጉዳይ አይደለም። ቀለሙ የሚለካው በኬልቪን ነው፤ ርካሾቹ ባትሪዎች ከ6,500 ኬልቪን በላይ የሆነ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ብርሃን ይሰጣሉ፤ ሞቅ ያለው፣ ወደ ሻማ የሚቀርበው ብርሃን ደግሞ 3,000 ኬልቪን አካባቢ ነው። ለቤት የምመርጠው ሞቅ ያለውን ወይም መካከለኛውን ነው። አንደኛው ምክንያቴ ከጣና ዳር ነዋሪ የሚሰወር አይደለም፤ ሐይቁ አጠገብ ምሽት ላይ መብራት ከበራ ትንኙና የእሳት ራቱ እንዴት እንደሚወርር ይታወቃል፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ብርሃን ደግሞ ነፍሳትን ከሞቅ ያለው ይበልጥ ይጠራል። ሌላው ምክንያት፣ ቀለም በትክክል የማያሳይ ብርሃን ቆጣሪ ሥር ቡናማውን ሽቦ ከጥቁሩ፣ ማጀት ውስጥ ደግሞ በርበሬውን ከሚጥሚጣው አያስለይም። ሱቅ ውስጥ መዳፍዎን አብርተው ይዩ፤ መዳፍዎ የታመመ ሰው መስሎ ከገረጣ ቀለሙ ደካማ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ድንጋዩ ልመለስ። ለሁለተኛ ባትሪ በገበያችን ያሉት እውነተኛ አማራጮች ሁለት ናቸው፤ በግድግዳ ሰዓት ውስጥ በሚገቡት በትንንሾቹ ደብል ኤ ድንጋዮች የሚሠራና በሊትየም ድንጋይ የሚሠራ። ሊትየሙ ብዙውን ጊዜ 18650 የሚባለው ነው፤ ቁጥሩ ራሱ ልኩን ይናገራል፤ ውፍረቱ 18 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው። 3,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዝ አንድ 18650 በ3.6 ቮልት ሲባዛ ወደ 11 ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል አለው። ሁለት ቻርጅ የሚደረጉ ደብል ኤ ድንጋዮች ግን ተደምረው አብዛኛውን ጊዜ 5 ዋት ሰዓት ገደማ ናቸው። ደህና ኤልኢዲ ከአንድ ዋት 100 ሉመን ገደማ ስለሚያወጣ፣ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ፣ በ100 ሉመን ሊትየሙ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ሲያበራ ደብል ኤዎቹ አራት ሰዓት ገደማ ያበራሉ። በቁጥር ከሄድን ሊትየሙ ያሸንፋል።

ያም ሆኖ ለእርስዎ ቤት የምመርጠው ደብል ኤውን ነው። ሁለቱ ደብል ኤዎች በ10 ሉመን ከ30 ሰዓት በላይ ያበራሉና ለሌሊት ጉዞ ለሳምንታት ይበቃሉ። ከሁሉ በላይ ግን፣ መብራት ሦስት ቀን ቢጠፋ፣ ስልኩም ፓወር ባንኩም ቢያልቅ፣ ልጅዎን ከቤትዎ በታች ወዳለው ሱቅ ልከው በአምስት ደቂቃ ውስጥ አዲስ ድንጋይ ማስመጣት ይችላሉ። 18650 ግን ከሰፈር ሱቅ አይገኝም። የመጀመሪያው ባትሪዎ ኃይሉን ከግድግዳ፣ ሁለተኛው ከሱቅ ቢያገኝ ሁለቱ አብረው የሚጠፉበት ሌሊት ይርቃል።

ድንጋዩን ሲገዙ ግን ጽሑፉን ያንብቡ። በላቲን ፊደል «ኤል አር 6» የሚለው አልካላይን ነው፤ ከፊቱ ኤል የሌለው «አር 6» ደግሞ የድሮው ዚንክ ካርቦን ሲሆን፣ የሚይዘው ኃይል ከአልካላይኑ በእጅጉ ያንሳል፣ ብርቱ ብርሃን ሲጠየቅም ቶሎ ይዝላል። በዋጋ ስለሚረክስ ሱቆቻችን ውስጥ የሚበዛው ይኸኛው ነው፤ ለግድግዳ ሰዓትና ለሪሞት ይሆናል፣ ለባትሪ ግን አልመክረውም። «ኤች አር 6» የሚለው ደግሞ ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ነው። ቮልቱ 1.2 ስለሆነ ሰው ደካማ ይመስለዋል፤ ግን ኃይሉን እስከ መጨረሻው ሳያዋዥቅ ስለሚሰጥ በደህና ባትሪ ውስጥ ከአልካላይን አያንስም። ቻርጀርና አራት ኒኬል ድንጋዮች ቢገዙ ሁለቱ ባትሪው ውስጥ ሲሆኑ ሁለቱ ሞልተው ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ላይ ያልተከፈተ አንድ እሽግ አልካላይን መሳቢያ ውስጥ ይኑር። ኒኬሉን ከአልካላይን፣ አዲሱን ከአሮጌ ጋር አንድ ባትሪ ውስጥ አያጣምሩ፤ ጠንካራው ደካማውን አልፎ ይነዳውና ደካማው ይፈሳል።

ስለ መፍሰስ ካነሳን፣ አልካላይን ባትሪው ውስጥ ሆኖ ለወራት መቀመጥ የለበትም። ከፍተው ሞላው ላይ እንደ ጨው የጋገረ ነጭ ነገር ካዩ፣ እሱ ከውስጥ የወጣው ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ከአየር ጋር ተዋህዶ የሠራው ነው፤ ሞላውንም የማብሪያውንም ብረት ይበላል። በባዶ እጅ አይንኩት። ጥጥ በሎሚ ጭማቂ ወይም በኮምጣጤ አርጥበው ቢያብሱት አሲዱ አልካሊውን ይሽረዋል፤ ከዚያ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ያድርቁትና ብረቱ እስኪያበራ በሸካራ ወረቀት ይፈትጉት። ከመጣል ያዳንኳቸው ብዙ ባትሪዎች ከዚህ የተለየ ጥገና አልተደረገላቸውም።

ሊትየሙን ከመረጡ አልከለክልዎትም፤ የራሱ ጥንቃቄ ግን አለው። ድንጋዩ የሚወጣ መሆን አለበት፤ ውስጡ ተዘግቶ የተበየደው ድንጋዩ ሲያረጅ ባትሪውም አብሮ ያረጃል። ድንጋዩ ላይ 9,900 የሚል ቁጥር ካዩ አይግዙ፤ በዚህ ልክ የሚሠሩት ምርጦቹ 18650ዎች እንኳ ከ3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት እምብዛም አያልፉም። ማረጋገጫው ሚዛን ነው። እውነተኛው ድንጋይ ከ42 እስከ 49 ግራም ይመዝናል፤ ከዚህ በእጅጉ ከቀለለ ውስጡ ትንሽ ድንጋይ ከትተው ቀሪውን በሌላ ነገር ሞልተውታል ማለት ነው። እኔ አንድ ጊዜ የተጠራጠርኩትን ይዤ ጎረቤቴ ወርቅ ቤት ሄጄ ሳስመዝነው 27 ግራም ወጣ፤ ባለ ወርቁ «ይኼም አርቴፊሻል ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ሽፋኑ የተቀደደ፣ ያበጠ ወይም ከአሮጌ ላፕቶፕ ተፈትቶ በአዲስ ፕላስቲክ የተጠቀለለ ድንጋይ ቤት አይግባ፤ ደህናውም ቢሆን ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ አይያዝ፤ ሁለቱ ጫፎቹ በብረት ከተገናኙ ይግላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል።

ሊትየም ባትሪ የሚሞላው አሁን አብዛኛውን ጊዜ በታይፕ ሲ ሲሆን እዚህ ላይ ሰው የሚያማርርበት ነገር አለ። አዲሱ የስልክ ቻርጀርዎ ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ የሆነ ገመድ ካለው፣ ርካሹ ባትሪ በእርሱ ላይቻርጅ ይችላል። የተበላሸ ግን አይደለም፤ አምራቹ ቻርጀሩን «እዚህ ነኝ፣ ኃይል ስጠኝ» የሚሉትን ሁለት ጥቃቅን ሬዚስተሮች ለመቆጠብ ሲል ትቷቸዋል። በአንድ ጫፉ ሰፊው የድሮው ዩኤስቢ ባለው ገመድ ይሞክሩት፤ ይሞላል። ጀርባቸው ላይ ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ስላላቸው ባትሪዎች ብዙ አልልም፤ የመዳፍ ግማሽ የማትሞላ ሰሌዳ በጠራ ፀሐይ አንድ ሙሉ ቀን ሰብስባ የምታመጣው 1.5 ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ያንን 11 ዋት ሰዓት ለመሙላት ሳምንት ይፈጅባታል። በሐምሌና በነሐሴማ አይታሰብም።

ክረምቱን ካነሳሁ ስለ ውሃ ልናገር። ባትሪው ላይ «አይ ፒ ኤክስ 4» ከተጻፈ ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውሃን ይችላል፤ «አይ ፒ ኤክስ 7» ካለ ደግሞ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይም ውሃ አያስገባም። ለግቢ ጉዞ የመጀመሪያው ይበቃል፤ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ባልዲ ላይ መውደቁ ከማይቀርለት ቤት ግን ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጽሑፍ ከሌለው ክዳኑን ፈትተው ጥርሱ ሥር የጎማ ቀለበት፣ እኛ ጎሚኒ የምንለው፣ መኖሩን ይዩ። ዝናብ ሲወርድ ደግሞ ባትሪውን በወገብዎ ልክ ይያዙት እንጂ በዓይንዎ ልክ አይሁን፤ ከዓይን አጠገብ የሚወጣ ብርሃን የዝናቡን ጠብታ እያበራ ፊትዎ ላይ መጋረጃ ይሠራል። ግንባር ላይ የሚታሰረውን ባትሪ ለምግብ ማብሰያና ለጥገና ብወደውም ለሽምብጥ ክረምት ሁለተኛ ባትሪ አድርጌ የማልመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ሰው ሲያነጋግሩም ዓይኑ ውስጥ ያበራሉ።

ሱቅ ውስጥ ሲመርጡ ከብርሃኑ በፊት ማብሪያውን ይፈትሹ። አንድ ጊዜ ሲጫኑት በዝቅተኛው የሚጀምር ከሆነ መልካም ነው። ብዙዎቹ ግን በብርቱው ይጀምሩና ዝቅተኛውን ለማግኘት እንደ አምቡላንስ የሚብለጨለጨውን ደረጃ ያሳልፉዎታል፤ ከእንቅልፍ ለተነሱ እናት ይህ ቅጣት ነው፤ እንዲህ ያለውን ይመልሱት። ዝቅተኛውን አብርተው በስልክዎ ካሜራ ይመልከቱት፤ ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች የሚሮጡ ከሆነ ብርሃኑ በጣም በፍጥነት እየበራና እየጠፋ ነው ማለት ነው፤ ዓይን ባያስተውለውም አንዳንድ ሰው ራሱን ያመዋል። ጭራው ጠፍጣፋ ሆኖ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም መሆኑንም ያረጋግጡ፤ 100 ሉመን ወደ ነጭ ኮርኒስ ቢያበሩት ክፍሉ በሙሉ ለእራት የሚበቃ ብርሃን ያገኛል፣ ሻማም ኩራዝም አያስፈልግም። ሳጥኑ ላይ «10 ሰዓት» የሚል ካነበቡ፣ ቀደም ብዬ ባነሳሁት በኤፍ ኤል 1 መመዘኛ ይህ ማለት ብርሃኑ ከመነሻው ወደ አንድ አሥረኛ እስኪወርድ ያለው ጊዜ ነው፤ አሥር ሰዓት እኩል ያበራል ማለት አይደለም። ይህን ሁሉ ቅዳሜ ገበያ በጠራራ ፀሐይ ላይ ማየት አይቻልም፤ ሱቁ ውስጥ ገብተው ከመደርደሪያው ሥር ወይም ከጃኬትዎ ውስጥ ያብሩት።

የተገዛው ባትሪ ቦታ ይኑረው። የእርስዎ ቤት አልጋው ከበሩ ርቆ ስለሚሆን፣ ትንሹ ባትሪ ከእናትዎ ራስጌ በምስማር ላይ በገመዱ ይንጠልጠል፤ ትልቁ ከበሩ ጀርባ ይሁን። ልጆች ለጨዋታ እንዳይወስዱት ለእነርሱ ሌላ መጫወቻ ባትሪ ቢገዙ ክፋት የለውም፤ ሆኖም በክብ የሰዓት ድንጋይ የሚሠራውን አይግዙላቸው፤ ያች ድንጋይ ብትዋጥ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮ ታቃጥላለች። ማብሪያው በስሱ ሲነካ የሚበራ ኤሌክትሮኒክስ ከሆነ፣ ጠፍቶም ቢሆን ጥቂት ኃይል ይጠጣልና ለወራት የማይነኩት ከሆነ ክዳኑን ሩብ ዙር ያላሉት።

ገዝተው እንደገቡ አንድ ምሽት፣ መብራት ሳይጠፋ፣ ቆጣሪውን እርስዎ ራስዎ ያጥፉትና እናትዎ ባትሪውን ከምስማሩ አውርደው፣ አብርተው፣ እስከ መጸዳጃው ደርሰው እንዲመለሱ ያድርጉ። እርስዎ ከኋላቸው ይሁኑ፣ እንዴት እንደሚበራ ግን አይንገሯቸው። ጣታቸው ማብሪያውን ሁለት ጊዜ ፈልጎ ካጣው ወይም ገመዱ እጃቸው ላይ ካልገባ፣ በነጋታው ደረሰኙን ይዘው ሻጩ ዘንድ ሄደው ይቀይሩት።